ዋልተር ተል

ዋልተር ዳንኤል ጆን ተል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቀ እንግሊዛዊ የእግር ኳስ ተጫዋችና የእግረኛ ጦር መኮንን ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1888 ፎክስቶን በተባለች የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ፤ ማርች 25 ቀን 1918፣ በ29 ዓመቱ፣ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለቶተንሃም ሆትስፐርና ለኖርዝሃምፕተን ታውን ተጫውቷል። በብሪታንያ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕረግ አግኝተው ነጭ ወታደሮችን በውጊያ ከመሩት እጅግ ጥቂት ጥቁሮች አንዱ ነበር። ከሞተ በኋላ ሰማንያ ዓመት ያህል ከቤተሰቡና ከጥቂት የስፖርት ታሪክ ወዳጆች በቀር ስሙን የሚያነሳው አልነበረም። ዛሬ በእንግሊዝ የትምህርት ቤት ልጆች ያውቁታል።

ልጅነት

የዋልተር አያት በባርቤዶስ ደሴት በባርነት የኖረ ሰው ነበር። የእሱ ልጅ ዳንኤል የአናጢነት ሙያ ይዞ ባሕር ተሻገረና በ1876 ፎክስቶን ገባ፤ እዚያም አሊስ ፓልመር የተባለች የኬንት አውራጃ ተወላጅ አገባ። ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1895 አሊስ በካንሰር ሞተች። ዳንኤል ልጆቹን ብቻውን ማሳደግ ስላቃተው የሟች ሚስቱን የአጎት ልጅ ክላራን አገባ፤ በ1897 ግን እሱም በልብ ሕመም ሞተ። ክላራ የራሷን አራስ እንደታቀፈች የእንጀራ ልጆቿ ሁሉ እጇ ላይ ወደቁ።

ሁሉንም ማብላት ስላልቻለች ዋልተርንና ወንድሙን ኤድዋርድን በ1898 መጀመሪያ ላይ ለንደን፣ ቤትናል ግሪን ሰፈር ወደሚገኘው የሜቶዲስቶች ሕፃናት ማሳደጊያ ላከቻቸው። ዋልተር ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ማሳደጊያው እርዳታ ለማሰባሰብ ከከተማ ከተማ የሚዞር የመዘምራን ቡድን ነበረው። ቡድኑ ግላስጎው ላይ ሲዘምር ዋርኖክ የተባሉ ቤተሰቦች ኤድዋርድ ላይ ዓይናቸው አረፈና በ1900 በማደጎ ወሰዱት። ወንድማማቾቹ ተለያዩ። ኤድዋርድ ስኮትላንድ ውስጥ አድጎ የጥርስ ሐኪም ሆነ፤ በብሪታንያ በዚህ ሙያ ከተሰማሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ መሆኑ ነው። ዋልተር ማሳደጊያው ውስጥ ቀርቶ የማተሚያ ቤት ሥራ ተማረ።

ይህ መለያየት ከቤተሰብ ሐዘን ያለፈ ትርጉም አለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ተራርቀው ቢኖሩም አልተረሳሱም፤ ይጻጻፉ ነበር። ስለ ዋልተር የግል ሕይወት ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው፣ ፎቶግራፎቹም ሆኑ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤዎቹ፣ የተረፈው በኤድዋርድ ቤት ነው። ሀብት የሌለው፣ ትዳርም ያልያዘ ወታደር ሲሞት ወረቀቱን የሚያስቀምጥለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ዋልተር ግን ቋሚ ቤትና ሙያ ያለው ወንድም ነበረው።

እግር ኳስ

ኳስ የጀመረው በማሳደጊያው ቡድን ነው። በ1908 ክላፕተን የተባለውን የምሥራቅ ለንደን ቡድን ተቀላቀለ። ክላፕተን ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፍል የአማተሮች ክለብ ቢሆንም በዘመኑ ስመ ጥር ነበር፤ በዚያው የውድድር ዓመት ቡድኑ የአማተሮችን ዋንጫ ጨምሮ ሦስት ዋንጫዎችን ሰበሰበ። ፉትቦል ስታር የተባለው የስፖርት ጋዜጣ ከዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ ዋልተርን አስቀድሞ አወደሰው። ብዙም ሳይቆይ ቶተንሃም ጠራውና ለፊርማ በሕግ የተፈቀደውን ከፍተኛ ክፍያ፣ 10 ፓውንድ፣ ሰጠው። በ1909 ከክለቡ ጋር አርጀንቲናና ኡራጓይ ድረስ ተጉዞ ተጫወተ። ከዓመት በፊት ማተሚያ ቤት ለሚውል የሙት ልጅ ይህ ትልቅ ዕድገት ነበር።

ቶተንሃም በዚያ ዓመት ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ማደጉ ነበር። ዋልተር በሴፕቴምበር 1909 ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በአጥቂነት ተሰለፈ። በእንግሊዝ ከፍተኛ ዲቪዚዮን ከእሱ በፊት የተጫወቱ ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም ታዋቂው በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ የተወለደው በረኛ አርተር ዋርተን ነው። የዋልተር የመጀመሪያ ሳምንታት መልካም ነበሩ፤ ጋዜጦች ኳስ አያያዙንና የማይደናገጥ መሆኑን አነሱለት።

በኦክቶበር ቶተንሃም ወደ ብሪስቶል ሄዶ ከብሪስቶል ሲቲ ጋር ተጫወተ። ከተመልካቹ አንድ ወገን ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ በቀለሙ የተነሳ ዘለፋ ሲያወርድበት ዋለ። በቦታው የነበረ የፉትቦል ስታር ዘጋቢ ስድቡን አውግዞ ጻፈ፤ በዕለቱ ሜዳው ላይ ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ የላቀውም ዋልተር መሆኑን መሰከረ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የሚሰጥ ጋዜጣ ብርቅ ነው። በእንግሊዝ እግር ኳስ ስለ ዘር ስድብ በዝርዝር ከተጻፉት ቀደምት ዘገባዎች አንዱም ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ክለቡ ዋልተርን ቀስ በቀስ ወደ ተጠባባቂው ቡድን አወረደው። በአንደኛ ዲቪዚዮን በጠቅላላው 10 ጊዜ ተሰልፎ 2 ግብ አስቆጥሯል። ብዙ ጸሐፍት መውረዱን በቀጥታ ከብሪስቶሉ ዕለት ጋር ያያይዙታል፤ ክለቡ ጫጫታውን ፈርቶ ደበቀው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። በአንደኛ ዲቪዚዮን ለመቆየት የሚታገል ቡድን ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች ማስቀደሙም የተለመደ ነው። ሆኖም ያን ያህል የተወደሰ ወጣት በሳምንታት ውስጥ እንዲያ መራቁን በኳስ ችሎታ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

በ1911 ኸርበርት ቻፕማን ለኖርዝሃምፕተን ታውን ገዛው። ቻፕማን ያን ጊዜ የትንሽ ክለብ አሠልጣኝ ነበር፤ በኋላ ሀደርስፊልድንና አርሰናልን ለእንግሊዝ ሻምፒዮንነት ያበቃው እሱ ነው። ሰው ሲመርጥ የማይስት ዓይን ነበረው፤ ዋልተርን ከአጥቂ መስመር ወደ አማካይ መልሶ የቡድኑ ምሰሶ አደረገው። ለኖርዝሃምፕተን ከ100 ጊዜ በላይ ተሰልፏል። በአንድ ጨዋታ ብቻ አራት ግብ አስቆጥሮ ያውቃል፤ ተሸናፊው የብሪስቶል ከተማ ሌላኛው ክለብ ብሪስቶል ሮቨርስ ነበር።

ወደ ጦር ሠራዊት

በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ የእግር ኳስ ውድድር አልቆመም። ጤነኛ ጎልማሶች በደመወዝ ኳስ ሲያንከባልሉ፣ እነሱንም ሺዎች ቆመው ሲያዩ፣ ሌላው ወጣት በምሽግ ውስጥ ያልቃል የሚል ወቀሳ በየጋዜጣው ይወጣ ጀመር። በዲሴምበር 1914 ለንደን ውስጥ በፉልሃም ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ የሚድልሴክስ ሬጅመንት 17ኛ ባታሊዮን ተመሠረተ፤ ሕዝቡ የእግር ኳስ ባታሊዮን ይለው ነበር። ዋልተር በዚያው ወር ተመዘገበ። ከኖርዝሃምፕተን ተጫዋቾች መካከልም የመጀመሪያው ነው። የዝናው ዘመን ገና አላበቃም ነበር፤ የግዳጅ ምልመላም እስከ 1916 ድረስ አልተጀመረም። የሄደው ወዶ ነው።

ባታሊዮኑ በኖቬምበር 1915 ፈረንሳይ ገባ። ዋልተር ግንባር ሳይደርስ የበታች ሹምነት ማዕረግ አግኝቶ ነበር። በ1916 ጸደይ ግን አእምሮው ታወከ፤ የሕክምና መዝገቡ በጽኑ መታወክ ምክንያት ወደ እንግሊዝ መመለሱን ይገልጻል። ዛሬ እንዲህ ያለው ሕመም የጦርነት ጭንቀት ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው እንደ ፍርሃት ይቆጥረው ነበር። ከወራት በኋላ ድኖ ተመለሰና በሶም ጦርነት መጨረሻ ላይ ተሳተፈ። በዓመቱ መገባደጃ ደግሞ ቅማል በሚያስተላልፈው፣ ምሽግ ለምሽግ ይዛመት በነበረው ትኩሳት ተይዞ ዳግመኛ ወደ አገሩ ተላከ።

መኮንንነት

በዚህ ጊዜ አዛዦቹ ለመኮንንነት ሥልጠና አጩት። በ1917 መጀመሪያ በስኮትላንድ ኤርሻየር ጌይልስ ወደተባለው የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ገባ፤ በሜይ መጨረሻም ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። የዘመኑ የጦር ሕግና የምልመላ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጥቁር ሰው ወታደር ሆኖ ሊቀጠር ይችል ነበር፤ ማዘዝ ግን የተከለከለ ነበር። መኮንን ለመሆን የሚያመለክት ሰው የዘር ሐረጉ ንጹሕ አውሮፓዊ መሆኑን ይጠየቅ ነበር። ደንቡ እንዳለ ሆኖ ሥራ ላይ ያልዋለበት ምክንያት ብዙም አያደናግርም፦ በሶም ያለቀው መኮንን ብዛት ሠራዊቱን አራቁቶት ነበር፤ ዋልተርን ያጩትም በስም ሳይሆን በውጊያ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

በብዙ ጽሑፎች የብሪታንያ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ተብሎ ይጠራል። ይህ ትክክል አይደለም። የጃማይካ ተወላጆቹ ጆርጅ ቤማንድና ዴቪድ ክሌመትሰን ሁለቱም በ1915፣ ማለትም ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድመው፣ መኮንኖች ሆነዋል። ንጹሕ አውሮፓዊ ነህ ወይ ለሚለው ጥያቄ ቤማንድ አዎ ብሎ ሲጽፍ ክሌመትሰን አይደለሁም ብሎ ጽፏል፤ ማዕረጉ ግን አልተነፈገውም። ቤማንድ በ1916፣ ክሌመትሰን በ1918 በጦርነቱ ሞተዋል። ሁለቱም ከባለጸጋ ቤተሰብ ወጥተው በታወቁ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ በዘመኑ መኮንን የሚመለመለው ከእንዲህ ያለው ወገን ነው። ዋልተርን ለየት የሚያደርገው በቅድሚያ መድረሱ ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው፦ ከሙት ልጆች ማሳደጊያ ተነስቶ፣ ተራ ወታደር ሆኖ ምሽግ ውስጥ ኖሮ፣ ከዚያ ማዕረግ ማግኘቱ። የቀዳሚነቱ ተረት ቢቀርለት ክብሩ አይጎድልም።

አዲስ የተመደበበት 23ኛው ባታሊዮን ሁለተኛው የእግር ኳስ ባታሊዮን ነበር። በ1917 መጸው ኢጣሊያ በካፖሬቶ ስትሸነፍ ብሪታንያና ፈረንሳይ ረዳት ጦር ላኩ፤ የዋልተር ክፍለ ጦርም ፒያቬ ወንዝ ዳር ሰፈረ። ፒያቬ በክረምት ውኃው ቀዝቃዛና ኃይለኛ ነው፤ ኦስትሪያውያን ወዲያ ማዶ መሽገዋል። በጃንዋሪ 1918 መባቻ ሌሊት በተደረገ ወረራ ዋልተር ወንዙን ቀድመው ከተሻገሩት አንዱ ነበር። ለዋናው ወራሪ ኃይል ሽፋን የሚሰጡ 26 ሰዎችን መርቶ ተሻገረ፤ ከባድ ተኩስ እየወረደባቸው አንድም ሰው ሳይጎድልበት መልሶ አመጣቸው። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሲድኒ ሎውፎርድ ለጀግንነቱና ለእርጋታው በጽሑፍ አመሰገኑት። ከስምንት ዓመት በፊት የለንደን ስፖርት ጸሐፊዎችም በሜዳ ላይ የወደዱለት ይህንኑ እርጋታውን ነበር።

አሟሟት

ክፍለ ጦሩ በማርች 1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ማርች 21 ቀን ጀርመኖች ጦርነቱን በአንድ ምት ለመጨረስ ያቀዱትን ታላቅ የጸደይ ጥቃት ከፈቱ፤ የብሪታንያ ግንባር በብዙ ቦታ ተበጠሰ። ማርች 25 ቀን 23ኛው ባታሊዮን ባፖም ከተማ አጠገብ ፋቭሬይ በተባለች መንደር አካባቢ እየተዋጋ ሲያፈገፍግ ዋልተር በጥይት ተመታ። ወታደሮቹ አስከሬኑን ለማምጣት ሞከሩ። ከነሱ አንዱ ቀድሞ የሌስተር በረኛ የነበረው ቶም ቢሊንግሃም ሲሆን፣ ጀርመኖቹ እየተቃረቡ ስለመጡ ትቶት ለመሄድ ተገደደ።

አስከሬኑ ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ስሙ የተቀረጸው ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በአራስ መታሰቢያ ግንብ ላይ ነው፤ ግንቡ በዚያ አካባቢ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ34,000 በላይ ወታደሮችን ስም ይዟል። የማዕረጉንና የሬጅመንቱን ስም የሚያነብ ጎብኚ ኳስ ተጫዋች መሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ታላቅ ወንድሙ ዊልያምም በመሐንዲስ ጦር ውስጥ አገልግሎ በ1920 ሞቷል፤ መቃብሩ በትውልድ ከተማቸው ፎክስቶን ይገኛል።

መታሰቢያዎች

ጦርነቱ እንዳበቃ የእንግሊዝ ከተሞችና መንደሮች የየራሳቸውን ሟቾች ስም በድንጋይ አስቀረጹ። የዋልተር ስም በፎክስቶንም በዶቨርም መታሰቢያዎች ላይ ገባ፤ ዝምድናው ሁለቱም ዘንድ ነበረና። ከዚያ በኋላ ስሙን ያነሳው ሰው ጥቂት ነው። የእግር ኳስ ታሪክ የሚጽፉት ስለ ዋንጫና ግብ ይጽፋሉ፤ የጦር ታሪክ የሚጽፉትም ስለ ጄኔራሎች። ዋልተር ለሁለቱም ወገን የግርጌ ማስታወሻ ከመሆን አላለፈም።

መንገዱን የቀየረው በ1990ዎቹ የጥቁር ተጫዋቾችን ታሪክ ማጥናት የጀመረው ፊል ቫሲሊ ነው። ቤተሰቡ ያስቀመጣቸውን ወረቀቶች፣ የጦር መዝገቦችንና የድሮ ጋዜጦችን አንድ ላይ አመጣቸው። በጁላይ 1999 ኖርዝሃምፕተን ታውን በስታዲየሙ ቅጥር የዋልተርን መታሰቢያ አቆመ፤ ወደ ስታዲየሙ ከሚያስገቡት መንገዶች አንዱም በስሙ ተጠራ። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በ2008 ቢቢሲ ሕይወቱን በፊልም ሠራው። የልጆች ደራሲው ማይክል ሞርፐርጎ በ2012 ያሳተመው ልቦለድ ከእሱ ታሪክ የተነሳ ነው። የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር መልኩ በሳንቲምና በቴምብር ላይ ወጣ፤ በኖቬምበር 11 ቀን 2018 ደግሞ መኮንንነትን በተማረበት አውራጃ፣ በኤር የባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋ ላይ ግዙፍ ምስሉ ተሣለ። በ2021 የእንግሊዝ እግር ኳስ የዝና አዳራሽ ውስጥ ገባ። ከቶተንሃም ይልቅ ትንሹ ኖርዝሃምፕተን ቀድሞ ማክበሩ አግባብ ነው፤ ሳያመነታ ያሰለፈውም እሱ ነበር።

ያልተሰጠው ኒሻን

ዋልተር ከሞተ በኋላ ከባልደረቦቹ ለኤድዋርድ የተጻፈ ደብዳቤ አዛዡ ሚሊተሪ ክሮስ የተባለው የጀግንነት ኒሻን እንዲሰጠው አሳስቦ እንደነበር ይገልጻል። ኒሻኑ አልተሰጠም፤ ማሳሰቢያውም በጦር መዝገቦች ውስጥ አልተገኘም። የሚሟገቱለት ሰዎች ሠራዊቱ ለጥቁር መኮንን ኒሻን መስጠት የራሱን ደንብ መጣሱን በአደባባይ ማመን ስለሚሆንበት ዝም አለ ይላሉ። ግምቱ ከዘመኑ አስተሳሰብ ጋር ይሄዳል፤ የሚያጸናው ወረቀት ግን የለም። ሌላም እንቅፋት ነበረ፦ በወቅቱ ደንብ ሚሊተሪ ክሮስ ለሞተ ሰው አይሰጥም፤ ይህ የተቀየረው በ1979 ነው።

በማርች 2018፣ በሙት ዓመቱ መቶኛ፣ የቶተንሃም ተመራጭ በሆኑት በዴቪድ ላሚ አስተባባሪነት ከመቶ በላይ የፓርላማ አባላት ኒሻኑ እንዲሰጥ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ደብዳቤ ጻፉ። ከጠየቁት ውስጥ የተለያዩ ፓርቲዎች ሰዎች ነበሩበት። ያም ሆኖ ኒሻኑ አልመጣም። ዋልተር ከሠራዊቱ ያገኘው በ1915 መጨረሻ ግንባር ገብቶ ለተዋጋ ለማንኛውም የብሪታንያ ወታደር የታደሉትን ሦስት የአገልግሎት ሜዳሊያዎች ነው።